«ማኅፀኗን አወጡት» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ተለመዱ የሴቶች የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችና ስለ ምክንያታቸው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ንጽሕና አጠባበቅ፣ ስለ ወባና ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ብዙ ሲጻፍ አንብበናል። እኔ ደግሞ ዛሬ አፍ ሞልተን ለመናገር የምናፍርበትን አንድ ርዕስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም በሴቶች ማኅፀንና በአካባቢው ላይ ስለሚደረጉ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ነው። «ይሄ የሐኪም እንጂ የመምህር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለምን የመምህር ጉዳይ እንደሆነ ግን ከራሴ ቤት ልጀምርና ላስረዳ።

እኔ የተወለድሁት ላስታ ውስጥ፣ በብልባላ ነው። አገሩን ለማታውቁት፣ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ የሚባል ነገር ብዙም የማይገኝበት ደጋ ነው። ውኃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከገደል፣ ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት በሴት ጀርባ ይመጣል። አክስቴ ሰባት ልጆች ወልዳለች፤ ሁሉንም የወለደችው እቤቷ ነው። የመጨረሻውን ልጅ ከተገላገለች በኋላ «ከታች የሚወርድ ነገር አለብኝ» ብላ ለእናቴ ብቻ በጆሮዋ ነገረቻት። ስትቆም ይወርዳል፣ ስትተኛ ይመለሳል፤ ሽንቷም ያመልጣታል። በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ተወችው። ብልባላ ጊዮርጊስ ለክብረ በዓል ስንሄድ እሷ ከደጅ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። እንዲህ ሆና ብዙ ዓመት ኖረች።

በመጨረሻ እናቴ ለምና ሆስፒታል ወሰደቻት። እኔ ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። «ፊደል የቆጠረች እሷ ናት» ተብዬ አብሬ ተላክሁ። ከምርመራው በኋላ የሚፈረም ወረቀት ተሰጠን። እኔም ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። «ማኅፀንን በቀዶ ሕክምና ማውጣት» ከሚለው ስደርስ አክስቴ «ይብቃ፣ አታንብቢው» አለችኝ። ቀጥላም «ማኅፀኔን አውጥተው ባዶ ሊያደርጉኝ ነው እንዴ? ከዚያ በኋላ በሕይወት እኖራለሁ ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ምን ልመልስ? የማውቀው ነገር አልነበረም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ሳትፈርም ወደ አገራችን ተመለስን፤ ዓመት ከመንፈቅ ያህልም እንደገና ተሠቃየች።

ጥፋቱ የማን ነው? እኔ የራሴን ልናገር። ቃሉን አነበብሁላት እንጂ ትርጉሙን አላነበብሁላትም። ነገ እናንተም እኔም በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ወረቀት ይዞ «መምህር፣ ይቺን አንብቡልኝ» የሚለን ሰው ብዙ ነው።

በእኛ አገር አንዲት ሴት ሆስፒታል ገብታ ከተቀደደች ለሁሉም የሚሰጠው ስም አንድ ነው። «ማኅፀኗን አወጡት» ይባላል። በቀዶ ሕክምና የወለደችውም፣ ውርጃ ተጠርጎላት የተመለሰችውም፣ ፌስቱላ የታከመችውም እኩል እንዲሁ ይባላሉ። የተለያየ ነገር ሁሉ በአንድ የሚያስፈራ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉንም ይፈራል፤ ስለዚህም የሚያድነውን ጭምር እምቢ ይላል። በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱን በየስሙ ለይቼ «ለምን ይሠራል? ምን ይደረጋል? ምን ይቀራል?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ እሞክራለሁ።

የአካሉ አቀማመጥ በአጭሩ

በሥነ ሕይወት ትምህርት እንደተማርነው ማኅፀን በሴት የታችኛው ሆድ ውስጥ፣ ከፊኛ በስተኋላ፣ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ በስተፊት የሚገኝ ጡንቻማ አካል ነው። እርግዝና በሌለበት ጊዜ መጠኑ የተጨበጠ እጅን እንኳ አያህልም። ከታች በኩል ወደ ብልት የሚከፈተው ጠባብ ክፍል የማኅፀን በር ይባላል። ከላይ በቀኝና በግራ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። በየቱቦዎቹ ጫፍ አጠገብ እንቁልጢ የሚባሉ ሁለት አካላት ይገኛሉ። እንቁላል የሚያፈሩትና የሴትን ሆርሞን የሚያመነጩት እነዚህ እንቁልጢዎች ናቸው። ማኅፀን የፅንስ ማደሪያ ነው፤ ሆርሞን የሚመጣው ግን ከእሱ አይደለም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ማኅፀን በቦታው የሚቆየው ከበታቹ ባሉ ጡንቻዎችና በዙሪያው በተወጠሩ ጅማቶች ነው። እነዚህ ሲላሉ ማኅፀን ይወርዳል።

1ኛ. በቀዶ ሕክምና ማዋለድ

ለምን? ምጡ ተራዝሞ ልጁ አልወርድ ሲል፣ ልጁ በሆድ ውስጥ አግድም ሲተኛ፣ የእንግዴ ልጁ የማኅፀንን በር ዘግቶ ደም ሲፈስስ፣ እትብቱ ቀድሞ ሲወጣ ወይም የልጁ የልብ ትርታ ሲደክም ይደረጋል።

ምን ይደረጋል? አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣል። እናቲቱ ነቅታ ትሰማለች፤ ሕመሙ ግን አይሰማትም። የሆዱ ግድግዳና ማኅፀኑ ተከፍተው ልጁና የእንግዴ ልጁ ይወጣሉ፤ ከዚያም ማኅፀኑ ይሰፋል።

ምን ይቀራል? ማኅፀኑም፣ ቱቦዎቹም፣ እንቁልጢዎቹም በቦታቸው ይቀራሉ። ሴትየዋ ተመልሳ ልትወልድ ትችላለች። ሆኖም ጠባሳው በምጥ ጊዜ እንዳይተረተር ቀጣዩን ልጅ በጤና ተቋም መውለድ ይኖርባታል።

ይህ ሕክምና የነጮች ብቻ ጥበብ ነው የሚል ካለ ይህን ታሪክ ይስማ። ሮበርት ፌልኪን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1879 በዛሬይቱ ኡጋንዳ፣ በቡንዮሮ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ሐኪም አንዲትን ሴት በቀዶ ሕክምና ሲያዋልድ ተመልክቶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1884 አሳትሞታል። ሐኪሙ ከሙዝ በተጠመቀ መጠጥ ሴትየዋን አደንዝዞ፣ በዚያው መጠጥ እጁንና ሆዷን አጥቦ ነበር የቀደደው። ፌልኪን ከዚያ ቦታ ሲለይ እናትም ልጅም በሕይወት ነበሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት ከ100 ውስጥ 2 ያህል ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የቀዶ ወሊድ ቁጥር ከ100 ወደ 10 እስኪጠጋ ድረስ የእናቶችና የሕፃናት ሞት እየቀነሰ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ2015 አስታውቋል። ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሕክምናው አስፈልጓቸው ሳያገኙ የቀሩ እናቶች ነው። በዚያው በ2016 ጥናት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ግምቱ 871 ስለነበረ መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ የቀረውም ትንሽ አይደለም። ይህን ለማቃለል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሕክምና ዶክተር ሳይሆኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ማሠልጠን ጀምሯል። ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ባሉ ሆስፒታሎች ብዙ እናት በእነሱ እጅ ተገላግላለች።

2ኛ. ማኅፀን መጥረግ

ለምን? ፅንሱ ወርዶ ቁራጩ በውስጥ ሲቀር፣ ከወሊድ በኋላ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ሲቀርና ደም አልቆም ሲል ይደረጋል። አንዳንድ ጊዜም ያለ ወቅቱ የሚፈስሰው ደም ከምን እንደመጣ ለመመርመር ናሙና ይወሰድበታል።

ምን ይደረጋል? ሆድ አይከፈትም። በብልት በኩል ገብቶ በማኅፀን ውስጥ የቀረው ነገር በእጅ በሚሠራ መሳቢያ ይመጠጣል ወይም በመሣሪያ ይጠረጋል። ሥራው የደቂቃዎች ነው። ሐኪሞች «ዲ ኤንድ ሲ» ሲሉ ብትሰሙ ይኸው ነው።

ምን ይቀራል? ሁሉም ይቀራል። ሳይጠረግ የቆየ ቁራጭ ግን ይመረዝና ሴትን ይገድላል፤ ወይም ቱቦዎቿን ደፍኖ መካን ያደርጋታል። ታዲያ መካን የሚያደርገው መጠረጉ ሳይሆን መዘግየቱ ነው ማለት ነው። ፅንስ መውረድ ደግሞ ከ10 እርግዝና ቢያንስ በ1 ላይ የሚደርስ የተለመደ ነገር ስለሆነ የማንም ኃጢአት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

3ኛ. ከማኅፀን ውጭ ለተፈጠረ እርግዝና የሚደረግ ቀዶ ሕክምና

ለምን? ከ100 እርግዝና በ1 ወይም በ2ቱ ፅንሱ ማኅፀን ሳይደርስ በቱቦው ውስጥ ይቀራል። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ፅንሱ ሲያድግ ይፈነዳል፤ ደሙም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ምልክቱ የወር አበባ የቀረባት ሴት በአንድ ጎን ድንገት ብርቱ ሕመም ሲሰማት፣ ራሷን ሲያዞራትና ሲያልባት ነው። እንዲህ ያለችዋን ሴት «ቁርጠት ነው» ብሎ ማስተኛት አይገባም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ምን ይደረጋል? ሆዱ ተከፍቶ የፈነዳው ቱቦ ይወጣል። ሳይፈነዳ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚታከምበትም ሁኔታ አለ።

ምን ይቀራል? ማኅፀኑ፣ ሁለቱ እንቁልጢዎችና ሌላው ቱቦ ይቀራሉ። በአንድ ቱቦ ማርገዝ ይቻላል።

4ኛ. የእንቁልጢ ቋጠሮና ማዮማ

በእንቁልጢ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሊበቅል ይችላል። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ጊዜ ይጠፋሉ። ሲተልቅ፣ ሲጠማዘዝና ድንገተኛ ሕመም ሲያመጣ ወይም ካንሰር መሆኑ ሲያጠራጥር ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሲቻል ቋጠሮው ብቻ ወጥቶ እንቁልጢው ይተዋል።

ማዮማ ደግሞ በማኅፀን ግድግዳ ላይ የሚበቅል ጠንካራ እብጠት ነው። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ በጣም ጥቂቱ ነው። ብዙ ሴቶች ማዮማ ይዘው ሳያውቁት ይኖራሉ። የወር አበባ ደም ሲበዛና ደም ማነስ ሲያስከትል፣ ፊኛን ሲጫን ወይም እርግዝናን ሲያደናቅፍ ይታከማል። መውለድ ለምትፈልግ ሴት እብጠቱ ብቻ ተፈልፍሎ ይወጣና ማኅፀኑ ይሰፋል። ወልዳ ለጨረሰችና ደሙ ላስቸገራት ደግሞ ማኅፀኑን በሙሉ ማውጣት ሊመረጥ ይችላል። በአንድ በሽታ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ታካሚዋ የትኛው እንደሚሻላት ጠይቃ መወሰን ትችላለች።

5ኛ. ቱቦ ማስቋጠር

ይህኛው ለበሽታ ሳይሆን «የወለድሁት ይበቃኛል» ላለች ሴት የሚሠራ ቋሚ የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። እንቁላልና የወንድ ዘር እንዳይገናኙ ሁለቱ ቱቦዎች ይቋጠራሉ ወይም ይቆረጣሉ። ማኅፀንና እንቁልጢ ስለማይነኩ የወር አበባ እንደ ወትሮው ይመጣል። ዋናው ነገር ፈቃዷ ነው፤ መልሶ መፍታት አስቸጋሪ ስለሆነ ያላመነችበት ሴት ልትገፋበት አይገባም። ለወንዶችም ከዚህ የቀለለ ተመሳሳይ ሕክምና መኖሩን ወንድ ዕጩ መምህራን ልብ ይበሉልኝ።

6ኛ. የፌስቱላ ጥገና

ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ የልጁ ራስ ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ከዚያ ወዲያ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ዳሌዋ ገና ያልሰፋ በልጅነት የተዳረች ልጅ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት።

የሕክምናው ታሪክ የሚያስለቅስም የሚያኮራም አለው። አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማ፣ ጄ. ማሪዮን ሲምስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. እስከ 1849 ድረስ ዘዴውን የተማረው ባሪያ በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ይባሉ ነበር። አናርካ ያለ ማደንዘዣ 30 ጊዜ ተቀድዳለች። ዛሬ በዓለም ላይ ያለች የፌስቱላ ታካሚ ሁሉ የእነዚህ ሴቶች ባለዕዳ ናት።

በአገራችን ደግሞ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት አዲስ አበባ መጡ። ፌስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ሲያዩ ልባቸው ተነክቶ በዚያው ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974ም የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሕክምናው በነጻ ነው። በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ከእኛ ክልል ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ባሕር ዳሩ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ በሽታውን ከማከም ይልቅ እንዳይመጣ ማድረግ ይሻላልና። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 አርፈዋል።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ማሚቱ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ ሳለች ፌስቱላ ይዟት ለሐምሊኖች ሕክምና መጣች። ድና አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆነች፤ በመጨረሻም ራሷ ፌስቱላ የምትጠግን የታወቀች ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖች ጋር በለንደን ከሚገኘው የንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። «ይቺ ልጅ አትችልም» ለማለት ስንቸኩል ይህችን ሴት እናስታውስ።

በጥገናው ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሽንቱም እስኪድን ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል በቱቦ ይወርዳል። ማኅፀኑ አይነካም። የዳነች ሴት ልትወልድ ትችላለች፤ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ትመከራለች።

7ኛ. የወረደ ማኅፀንና ማኅፀን ማውጣት

አሁን ወደ አክስቴ በሽታ ደረስን። ማኅፀን የሚወርደው ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ በአራስነት ከባድ ሸክም መሸከም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ደጋፊዎቹን ጡንቻዎች ሲያላሉ ነው። ገና ሲጀምር የዳሌ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይረዳል። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን አጥብቆ፣ ጥቂት ቆጥሮ መልቀቅና በየቀኑ መደጋገም ነው። ማኅፀኑን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት መሰል መሣሪያም አለ። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግን መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ገና መውለድ ለምትፈልግ ማኅፀኑ ወደ ላይ ተስቦ ሊታሰር ይችላል። ወልዳ ለጨረሰች ደግሞ በብልት በኩል ማኅፀኑ ወጥቶ የላሉት ግድግዳዎች ይሰፋሉ።

እንግዲህ የአክስቴ ፍርሃት መሠረት አልነበረውም ልላችሁ አልችልም። ማኅፀኗን ሊያወጡት ነበር፤ እውነት ነው። ማኅፀን ከዚህም ሌላ ለካንሰር፣ ከወሊድ በኋላ በምንም መንገድ አልቆም ላለ ደም ወይም በምጥ ለተተረተረ ማኅፀን ይወጣል። ያልተነገራት ግን ምን እንደሚቀር ነው። ማኅፀኗ የወጣላት ሴት የወር አበባ አታይም፤ አትወልድም። እንቁልጢዎቿ ካልወጡ ግን፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ሆርሞኗ እስከ ማረጫ ዕድሜዋ ድረስ ይቀጥላል። ጉልበቷም፣ ሴትነቷም፣ ከቁስሉ መዳን በኋላ የባልና የሚስት ግንኙነቷም ይኖራሉ። ሆዷም «ባዶ» አይሆንም፤ አንጀትና ፊኛ ቦታውን ይሞሉታል።

አደጋ የለውም ወይ? ማንኛውም ቀዶ ሕክምና አደጋ አለው። ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ የአጎራባች አካል መጎዳት ሊያጋጥም ይችላል። ከተመለሰች በኋላ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሚጨምር ደም ወይም የአንድ እግር እብጠት ከታየ ሳይውል ሳያድር መመለስ ነው። ለስድስት ሳምንት ያህልም እንስራና እንጨት መሸከም የለባትም። ይህን ባል ካልሰማ ቀዶው ከንቱ ይሆናል።

8ኛ. የማኅፀን በር ሕክምና

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ምክንያቱ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመታት ይወስዳል። በዚያ መካከል በጤና ተቋም የማኅፀኑ በር በአቸቶ መሰል ፈሳሽ ሲቀባ የተለወጠው ክፍል ነጭ ሆኖ ይታያል። ያን ክፍል በብርድ ወይም በሙቀት ማቃጠል ወይም ቆርጦ ማንሣት ይቻላል፤ ማኅፀኑ ይቀራል። ካንሰር ከሆነ በኋላ ግን፣ ያውም በጊዜ ከተደረሰበት፣ ማኅፀኑን በሰፊው ማውጣት ይጠይቃል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች ፒ ቪ ክትባት ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ጀምሯል። ክትባቱ «ያመክናል» የሚል ወሬ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አያመክንም፣ ከካንሰር ይጠብቃል።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ?

ሐኪም እንሁን አላልሁም። ከእኛ የሚጠበቀው የሚከተለው ነው።

ሀ. በነገሩ አናፊዝ። በክፍል ውስጥ የወር አበባና የማኅፀን ስም ሲነሣ የሚስቀውን ተማሪ ዝም ብሎ ማለፍ የነገዋን እናት አፍ መዝጋት ነው።

ለ. ልጃገረዶችን በትምህርት ገበታ ላይ እናቆይ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ደንግጓል። ከክፍል የጠፋችን የ14 ዓመት ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ፌስቱላን ከመከላከል ይቆጠራል።

ሐ. ምጥ ከጀመረ ፀሐይ ሁለት ጊዜ መጥለቅ የለበትም። ቤቷ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ከሌሊት ቃሬዛ ትድናለች።

መ. ወረቀት አንብቡልኝ ስንባል ከማንበብ አልፈን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለሐኪሙ እንድታቀርብ እናግዛት። በሽታዬ ምን ይባላል? ሌላ ሕክምና አለ ወይ? ምን ይወጣል፣ ምን ይቀራል? ከዚያ በኋላ ልወልድ እችላለሁ ወይ? ባልታከም ምን ይመጣብኛል? የመወሰኑ ሥልጣን የእሷ ነው፤ የእኛ ሥራ አውቃ እንድትወስን ማድረግ ነው።

አክስቴን ያሳመናት ትልቅ ንግግር አልነበረም። አንዲት የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ገንጥላ ማኅፀኑን፣ ፊኛውንና እንቁልጢዎቹን ሣለችላት። «ይሄ ይወጣል፣ ይሄና ይሄ ይቀራል» አለቻት። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አክስቴ ሥዕሉን አገላብጣ አየችና «ይኸው ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ተመልሰን ሄድን፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ወረቀቱን በዚህ ጊዜም ያነበብሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን በየመስመሩ እየቆምሁ ነበር።

ዛሬ ድናለች። ባለፈው የጊዮርጊስ ዕለት ከእናቴ ጋር ከውስጥ ገብታ አስቀድሳለች። የምንጩን ውኃ የሚቀዱት ወንዶች ልጆቿ ናቸው፤ ይህንንም ጎረቤት መጀመሪያ ስቆበት በኋላ ለምዶታል።

ጽሑፌን እዚህ ላይ እገታለሁ። የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን ስሕተት ካገኙብኝ እንዲያርሙኝ፣ ጓደኞቼም ያልገባችሁን ጥያቄ በሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን እንድትጨምሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መልሱን የማውቀውን እኔ፣ የማላውቀውን ጠይቄ በሚቀጥለው እትም አቀርባለሁ።

ከብልባላ የመጣች ዕጩ መምህርት